በሕማማት የቀዳሁት ዘይት

ጡረታ የወጣሁ ዕለት በጋራዡ ግቢ ድንኳን ተጥሎ አንድ ጋቢና አንድ የግድግዳ ሰዓት ተሰጠኝ። ሰዓቱ ምን እንዲያደርግልኝ እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም፤ ከእንግዲህ የምቸኩልበት የለኝም። መድረክ መሪው ማይክራፎኑን አፌ ላይ ደቀነና፣ «ጋሽ ደምሴ፣ በሥራ ዘመንዎ የማይረሱት መኪና የትኛው ነው?» አለኝ። ጣርማበር ላይ ሁለት ቀን ሙሉ ጭቃ ውስጥ ተኝቼ ያስነሣሁትን ግሬደር ነገርኳቸው። ሳቁ፣ አጨበጨቡ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ዋሽቼ ነበር።

እውነተኛው መልስ እዚሁ ደብረ ብርሃን፣ ከበሬሳ ወንዝ ማዶ፣ የቆርቆሮ ጣራ ሥር ነው ያለው። ያን ዕለት ያልተናገርኩትን አሁን እጽፈዋለሁ። ለወጣቶች ትምህርት ይሆናል ብዬ አይደለም። የዛሬ መካኒክ ኮምፒውተር ይሰካል፣ ኮምፒውተሩ የታመመውን ይነግረዋል። በየመንገዱ የሚንሸራተቱት የኤሌክትሪክ መኪኖችማ የሞተር ዘይት የሚባል ነገር አያውቁም። እኔ የተማርኩት ሙያ ከእኔ ጋር ጡረታ ወጥቷል። የምጽፈው እንዲሁ ከብዶኝ ነው።

ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ወጥቼ የተመደብኩት ደብረ ብርሃን፣ የመንገድ ጥገና ጋራዥ ነበር። ደመወዙ ከወር ወር አያደርስም፤ ይህን ጡረተኛ ሁሉ ስለሚያወራው እተወዋለሁ። ዋና መካኒኩ ጋሽ ተክሌ ይባላሉ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ቱታቸውን እንደ ቀሚስ አጥበው ተኩሰው የሚለብሱ ሰው ናቸው። የአንኮበር መሪጌታ ልጅ ናቸው፤ በልጅነታቸው ድቁና ተቀብለው ነበር። አዲስ አበባ ወርደው ከአንድ የውጭ አገር መካኒክ ዘንድ ሙያ ሲማሩ አባታቸው፣ «ከቤቴ ቀጥቃጭ ወጣ» ብለው አለቀሱ አሉ። እጅህ ጠቁሮ ከቤተ ክርስቲያኑ በር እንዳላይህ ብለው ልከውባቸዋል። አባትየው ሳይታረቁ ሞቱ። ጋሽ ተክሌ ይህን የነገሩኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያንንም የጭነት መኪና ሥር ተኝተው፣ ፊታቸው ሳይታየኝ።

ልማዳቸው ብዙ ነበር። መኪና ከመንካታቸው በፊት ሦስት ጊዜ ይዞሩታል። «ታቦት መሰለዎት እንዴ?» እያልኩ አሾፍባቸው ነበር። የፈቱትን ቡሎን በአወጣጡ ቅደም ተከተል ጆንያ ላይ ይደረድራሉ፤ ያን ድርድር የረገጠ ሰው ያን ቀን ምሳ አይጥመውም። ሲቆጥሩ በግዕዝ ነው፦ አሐዱ፣ ክልኤቱ፣ ሠለስቱ። ከሁሉ የሚገርመው ግን ዘይት መቅመሳቸው ነው። ማንኛውንም ዘይት ከመቅዳታቸው በፊት ትንሿን ጣታቸውን ነክረው ምላሳቸው ጫፍ ላይ ያደርጉና ይተፉታል፣ በውሃም ይጉመጠመጣሉ። የሞተር ዘይት ምን እንደሚል፣ የካምቢዮ ዘይት ምን እንደሚል ነገሩኝ። የፍሬን ዘይት መጀመሪያ ይጣፍጣል፣ ወዲያው ይመራል፣ ከዚያ ያቃጥላል። «ሰው ያታልላል፣ ቆርቆሮ ያታልላል፤ ምላስ አታታልልም» ይሉኝ ነበር። የዛሬ ሐኪም ቢሰማ ሁለታችንንም ያስረናል።

በጾም ቀን ታዲያ፣ ሳይቀምሱ ስለማይቀዱ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ዘይት አይቀዳም። መኪናው የማንም ይሁን፣ አለቃው ይጩህ፣ ጋሽ ተክሌ ሌላ ሥራ እየሠሩ ይጠብቃሉ። በሕማማት ሳምንት ደግሞ ጨርሶ የለም። «ለፋሲካ ይቀዳል» ብለው ይዘጉታል። እኔም ያደግሁት በዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ እነዋሪ ተመድቤ ሄድኩ፤ ጫጫም ሠራሁ፤ ተመልሼም መጣሁ። አለቆች ተፈራረቁ። አንዱ መጋዘኑን በሁለት ቁልፍ የሚቆልፍ ነበር። ሌላው ባዶ ቆርቆሮ እንዳይጣል በደብዳቤ ያዘዘ ነው፤ ቆርቆሮ ሁሉ ታጥቦ መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ፣ ከበርሜል የሚቀዳው ዘይት ይከፋፈልበት ተባለ። ሳቅንበትና ታዘዝን። ይህን ትእዛዝ አስታውሱልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ጋሽ ተክሌ ያችን የቆርቆሮ ጣራ ሥር ያለች መኪና ያመጡት ደርግ በወደቀ ማግሥት ነው። ጥንት አንድ የውጭ ኩባንያ ሥራ አስኪያጅ ያስመጣት፣ በኋላ ተወርሳ በመንግሥት ግምጃ ቤት አጥር ሥር የተጣለች ነበረች። በቁራጭ ብረት ዋጋ ለጨረታ ስትወጣ ገዝተው፣ በጭነት መኪና አስጭነው ግቢያቸው አወረዷት። ባለቤታቸው እትዬ በላይነሽ አይተው፣ «ሬሳ አመጣህብኝ?» አሉ። እውነትም ሆዷ መሬት ነክቶ፣ ተጋድማ ነበር። አካሏ ፈረንሳይ፣ ሞተሯ ጣሊያን፤ ሁለት በር ያላት፣ አፍንጫዋ የረዘመ፣ ባለጠጋ አገር ላገር የሚንሸራሸርባት መኪና። በአገራችን ከእሷ ሌላ አይቼ አላውቅም፤ ሌላ አለች የሚል ሰውም አልገጠመኝም።

ባሌስትራ የላትም። ሞላም የላትም። የምትቆመው በዘይትና በጋዝ ነው። በአራቱም ጎማ ላይ ብርቱካን የሚያክል የብረት ኳስ አለ፤ ውስጡ ጋዝ ታምቋል፤ ዘይቱ ጋዙን እየገፋ መኪናዋን ይሸከማል። ያው ዘይት ፍሬኗንም ይይዛል፣ መሪዋንም ያዞራል። የፊት መብራቶቿ መሪውን ተከትለው ወደ ኩርባው ያያሉ። የፍሬን ፔዳሏ እንጉዳይ የመሰለች ጎማ ናት፤ በጫማ ጫፍ ስትነካት ትቆማለች። አንድ ፓምፕ፣ አንድ ዘይት፣ ለሁሉም። ጋሽ ተክሌ ይህን ሲያስረዱኝ ድምፃቸው ይቀጥን ነበር። ይህን ያሰበ ሰው ጸሎት ሳያደርስ አልቀረም ይሉ ነበር።

ስትቆም መጀመሪያ ኋላዋ ይነሣል፣ ቀጥሎ ፊቷ። እሳቸው በልጅነታቸው አሊዩ አምባ ገበያ የሚያዩት ግመል እንዲያ ነበርና የሚነሣው፣ ግመሊት አሏት።

ይህን መነሣት ግን ለማየት ሃያ ዓመት ፈጀብን። የውስጥ ጎሚኒዎቿ፣ ማለት ዘይቱን አምቀው የሚይዙት የላስቲክ ቀለበቶች፣ ደርቀው ተሰነጣጥቀዋል። አዲስ አበባ የለ፣ የትም የለ። በመጨረሻ ለመንገድ ሥራ የመጣ አንድ ፈረንሳዊ መሐንዲስ አያትና አፉን ይዞ ቀረ። አገሩ ሲመለስ አንድ ሙሉ ስብስብ በፖስታ ላከልን። በደብዳቤው፣ ፈልጎ ያገኘው ይህን ብቻ እንደሆነና ሌላ እንደማይገኝ ጽፏል። ጋሽ ተክሌ ጎሚኒዎቹን ዱቄት ነስንሰው፣ ጣሳ ውስጥ አድርገው፣ አልጋቸው ሥር አስቀመጧቸው። እትዬ በላይነሽ፣ «ከእኔ ይልቅ እነሱን ያቅፍ ጀመር» ይሉ ነበር።

ጣሳው በመጣ በዓመቱ የጋሽ ተክሌ የዓይን እይታ መጥበብ ጀመረ። ሐኪሙ የተወሰደው አይመለስም፣ የቀረውም ይሄዳል አላቸው። ያን ጊዜ ነው የልባቸውን የነገሩኝ።

«ደምሴ፣ ዓይኔ ሳይጠፋ አንኮበር ልወስዳት ነው። አባቴ ካገለገሉበት ደጅ አቁሜ፣ ተቀምጣ ስትነሣ ካህናቱ ይዩአት። የቀጥቃጭ ሥራ መሆን አለመሆኑን እነሱ ይፍረዱ። እኔም ስትነሣ በዓይኔ ልያት።»

የዓቢይን ጾም ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ሠራን። እሳቸው በጣት፣ እኔ በዓይን። ጎሚኒዎቹን አንድ በአንድ አስገባን። ከመርካቶ አምስት ቆርቆሮ አረንጓዴ ዘይት ገዛሁ፤ ለእሷ የሚሆነው አረንጓዴው ብቻ ነው። በሆሳዕና ዋዜማ ሁሉም ተጠናቀቀ፤ የቀረው መቅዳት ነበር። ጋሽ ተክሌ እጃቸውን ታጠቡና፣ «እንግዲህ ለፋሲካ» አሉ።

እኔ ግን አልጠበቅሁም።

የሕማማት ረቡዕ ፈቃድ ወስጄ ግቢያቸው ገባሁ። እሳቸው ከማለዳ ጀምሮ ስግደት ላይ ናቸው። እትዬ በላይነሽ ነጠላቸውን አጣፍተው ሲወጡ በር ላይ ተገናኘን።

«ደምሴ፣ በሕማማት ምን ልትሠራ ነው?»

«ልጠርግ ነው እትዬ።»

ለምን አልጠበቅሁም? ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ቆማ እንዲያገኟት ፈልጌ ነው። ዓይናቸው በየሳምንቱ ሲጠብ እያየሁ አራት ቀን ረዘመብኝ። ፍቅር ነበር፤ ፍቅር ብቻ ግን አልነበረም። ዕድሜዬን ሙሉ የጋሽ ተክሌ ልጅ ሲሉኝ ኖሬያለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ ብቻዬን ሠርቼ፣ «ብቻህን?» ሲሉኝ መስማት አማረኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ። እኔ አፈሰስኩ፤ የሚለቀም ግን አልተገኘም።

አምስቱ ቆርቆሮ አልበቃም። ቱቦዎቹ ካሰብነው በላይ ጠጡ፤ አንድ ሊትር ያህል ጎደለ። ከጋራዡ መደርደሪያ አንድ የአረንጓዴ ዘይት ቆርቆሮ እንዳለ ትዝ አለኝ፤ ጋሽ ተክሌ ከዓመታት በፊት ለሙከራ ያመጡት። ሮጬ አመጣሁት፤ ከባድ ነው፤ ስወዘውዘው ይንቦጫረቃል። ከረፋዱ አምስት ሰዓት ነበር።

ክዳኑን ከፈትኩ። ጣቴን ነከርኩ። እንደ ልማዴ ወደ ከንፈሬ አነሣሁት። ሕማማት መሆኑ ትዝ አለኝና አየር ላይ አቆምኩት። እግዚአብሔርን ፈርቼ ነው ብል ግማሹ እውነት ነው። ጣቴን ጨርቅ ላይ ጠረግሁ። ላሸት ብዬም ነበር፤ እጄን የታጠብኩበት ቤንዚን ሽታውን ዋጠው። ነጣ ያለ መሰለኝ፤ ቆይቶ ነው አልኩና ቀዳሁት።

ቆርቆሮው ውስጥ የነበረው የፍሬን ዘይት ነው። ያ አለቃ ቆርቆሮ እንዳይጣል ባዘዘ ጊዜ ያን የአረንጓዴ ዘይት ቆርቆሮ አጥቤ፣ ከበርሜል የፍሬን ዘይት የቀዳሁበት እኔው ራሴ ነኝ። ሌላ የምወቅሰው ሰው ቢኖር እንዴት በወደድኩ!

ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ጋሽ ተክሌ በስግደት ተዳክመው፣ በከዘራቸው እየተደገፉ ገቡ። ሞተሩን አስነሣሁ። ግመሊት አቃሰተች፤ ኋላዋ ብድግ አለ፤ ጥቂት አሰበችና ፊቷም ተከተለ። ከዘራቸውን ጥለው መቁጠር ጀመሩ። ዐሠርቱ ላይ ሲደርሱ ቀጥ ብላ ቆማ ነበር። እንባቸው በጉንጫቸው ሲወርድ አየሁ። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ የተደሰትኩበት ጊዜ የለም፤ አሁን እሷን ደቂቃ ማስታወስ አልወድም።

«ማን ቀዳ?»

«እኔ።»

«ቀመስከው?»

«ታሽጎ የመጣ እኮ ነው ጋሼ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። እጄን ይዘው፣ «ብቻህን» አሉኝ። የተመኘሁትን ሰማሁ።

የፋሲካ ማግሥት ሰኞ ጠዋት ተነሣን። እኔ እነዳለሁ፣ እሳቸው አጠገቤ፣ እትዬ በላይነሽ ለካህናቱ የሚሆን ድፎ ዳቦ ታቅፈው ከኋላ። ሞተሩን ሳስነሣ ጋሽ ተክሌ ቆጠሩ፤ ዕሥራ፣ ማለት ሃያ ላይ ነው ቀና ያለችው።

«ዛሬ ከበዳት» አሉ።

«ብርድ ነው ጋሼ።»

ያን ጊዜ መንገዱ ገና ፒስታ ነበር። ባሌስትራ ያለው መኪና ጥርስ የሚያወልቅበት መንገድ ላይ እሷ ምንጣፍ ላይ እንደምትሄድ ሄደች። ጋሽ ተክሌ መስኮቱን ከፍተው የገብሱን ማሳ፣ የድንጋዩን ካብ፣ የሰውን አጥር ሁሉ ስሙን ይጠሩ ነበር፤ የሚያዩትን እንዳይረሱ ይመስለኛል። አንኮበር ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን፣ ምድሩ ተቆርጦ ቆላው ወለል ብሎ ከሚታይበት አፋፍ ላይ፣ መሪው እጄ ላይ ከበደኝ። ቀይ መብራት በራ። ፍሬኗን ስነካት ወደ ውስጥ ሰመጠች። በእጅ ፍሬን እያንገጫገጭኩ ዳር አስያዝኳት። ሞተሩን ሳላጠፋ ግመሊት ፊቷን ደፋች፤ ቀጥሎ ኋላዋ ወረደ። ቅርብ የነበሩ ጭላዳዎች ደንግጠው ወደ ገደሉ ሸሹ።

ጋሽ ተክሌ ወርደው ተንበረከኩ። ከሥሯ የሚንጠባጠበውን በዳበሳ አገኙት። ፋሲካ ነው፣ ጾም የለም፤ ትንሿን ጣታቸውን ምላሳቸው ላይ አደረጉ። ተፉ። ቆላው ላይ ጉም እየወጣ ነበርና አፋፉን መሸፈን ጀመረ።

«የፍሬን ነው» አሉ።

ወደ እኔ ዞሩ።

«ስንት ሰዓት ላይ ቀዳኸው?»

«አምስት ሰዓት።»

የቀረውን አልጠየቁኝም። ሁሉን ከሰዓቱ አወቁት። «ምላስህ ብትጾም ውሃ አይጾምም» አሉኝ። «ብርጭቆ ውሃ ላይ ጠብ ታደርገዋለህ። አረንጓዴው ይንሳፈፋል፤ የፍሬኑ ከውሃው ጋር ይዋሐዳል። ይህን አልነገርኩህም?»

«አልነገሩኝም ጋሼ።»

«እንግዲያው ጥፋቱ የእኔም ነው።»

ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። እትዬ በላይነሽ ዳቦውን እንደታቀፉ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ማልቀስ ጀመሩ። እኔ፣ «በሚኒባስ እንሂድ ጋሼ፤ ደጁ ሩቅ አይደለም፣ ልውሰድዎት» ብዬ ለመንኩ።

«ባዶ እጄን ሄጄ ምን ልበላቸው?»

ዳቦውን ለአላፊ አግዳሚ ቆርሰን ሰጠን። በአይሱዙ አስጭነን ስንመለስ ሰው መንገድ ዳር ቆሞ ያያት ነበር፤ ጋሽ ተክሌ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አላዞሩም።

ፈትቼ ሳያት ጎሚኒዎቹ ተነክሮ እንዳደረ ባቄላ አብጠው፣ በጣት ሲነኩ ይፈረፈሩ ነበር። የፍሬን ዘይት ከአረንጓዴው ጋር አይዋሐድም፣ ከታች ይዘቅጣል፤ ፓምፑ የሚጠጣው ደግሞ ከታች ነው። ስለዚህ አንዱ ሊትር ሁሉንም ፈጀ። ለመሐንዲሱ ሦስት ደብዳቤ ጻፍኩ፤ መልስ የለም። ከጭነት መኪና ላስቲክ ቆርጬ ሞከርኩ፤ እንኳን ሊያነሣት ጠብታም አላቆመም። ክረምቱ አልፎ አበባው ሲፈነዳ የጋሽ ተክሌ ዓይን ፈጽሞ ጠፋ። ግመሊትን አንኮበር ደጅ አላዩአትም፤ አንኮበርንም አላዩአትም።

ከዚያ በኋላ የሠራሁትን እስካሁን ለሰው ተናግሬ አላውቅም፤ የሚያውቁት እትዬ በላይነሽ ብቻ ነበሩ። አንድ እሑድ ጋሽ ተክሌ ሲያስቀድሱ ውለው ሳይመለሱ፣ በክሪክ አነሣኋትና አራት የባሕር ዛፍ ግንድ ከሥሯ አስገባሁ። ልክ ቆማ በነበረበት ቁመት። ሲመጡ፣ «አዲስ አበባ ጎሚኒ ተገኘ ጋሼ፤ ለመንገድ ባይሆንም ትቆማለች» አልኳቸው። ሞተሩን አስነሣሁ። መዳፋቸውን ጣራዋ ላይ አድርገው እስከ ዐሠርቱ ቆጠሩ። «ቆማለች» አሉ።

ከዚያ ወዲህ በየእሑዱ እንዲሁ ሆነ። እኔ ሞተር አስነሣለሁ፣ እሳቸው መዳፋቸውን ያሳርፋሉ፣ ይቆጥራሉ፣ «ደኅና ናት» ብለው ይሄዳሉ። ስድስት ዓመት። በእነዚያ ዓመታት ብዙ የታወቁ ሥራዎች ሠርቻለሁ፣ የምስጋና ወረቀትም ተሰጥቶኛል። የእሑዱን ያህል ግን የከበደኝ ሥራ የለም። እያታለልኳቸው መሆኑ ሌሊት ያባንነኝ ነበር፤ ደስ እንዳላቸው ማመን ደግሞ ቀን ያኖረኝ ነበር።

አልጋ ላይ ከዋሉ በኋላ አንድ ሚያዝያ ልጠይቃቸው ገባሁ። ድምፃቸው ደክሟል። ጆሮዬን አስጠጋሁ።

«ደምሴ።»

«አቤት ጋሼ።»

«ክረምት ሳይገባ ግንዶቹን ቀይራቸው። የኋላ ቀኙ በስብሷል።»

እጄን ፈልገው ያዙት፤ ጨበጥ አድርገው ለቀቁት። ከሳምንት በኋላ ቀበርናቸው፤ እንደ ኑዛዜያቸው እዚሁ ደብረ ብርሃን እንጂ አንኮበር አይደለም።

እትዬ በላይነሽም ተከተሉ። የግቢው ቁልፍ እኔ ጋ ቀረ። በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ ግንዶቹን እቀይራለሁ። ለምን እንደሆነ ለመናገር ያስቸግረኛል፤ የሚመጣ የለም፣ የሚዳስሳት የለም። ሞተሯም ዘንድሮ አልነሣ አለ።

ባለፈው ሳምንት፣ ጡረታ በወጣሁ በሦስተኛው ቀን፣ አራቱንም ቀየርኩ። ክሪኩን ካወረድኩ በኋላ መዳፌን ጣራዋ ላይ አድርጌ በግዕዝ እስከ ዐሠርቱ ቆጠርኩ። ከዚያ እስከ ዕሥራ። ከዕሥራ በላይ ጋሽ ተክሌ አላስተማሩኝም።